ምዕራፍ ስድስት፦ ነፋስ ባለበት ውሃ ላይ ብዙ ዘንግ

በሐዴራ የበጋ ነፋስ ሰዓት ያከብራል። ጎህ ሲቀድ ከየብሱ ወደ ባሕሩ የሚወርድ ለስላሳ አየር አለ፤ ውሃውም ጸጥ ብሎ ይተኛል። ፀሐይ ከፍ ስትል የሻሮን ሜዳ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ የለቀቀውን ቦታ ለመሙላት ከባሕር ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ረፋዱ ላይ የምዕራቡ ነፋስ ጀመረ ማለት ነው። ከቀትር በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይደክማል። ከነቬ ሐይም ተነሥቶ ወደ ጊቭዓት ኦልጋ ዳርቻ የሚወርድ ዓሣ አጥማጅ የመኪናውን ቁልፍ ከማንሣቱ በፊት ይህን የነፋስ ሰዓት ማወቅ አለበት። ክረምቱ ሌላ ነው፤ ያኔ ነፋሱ ከሜዲትራንያን የሚመጣውን ዝናብ ተከትሎ ይነሣል፣ ወይም ሻርኪያ የሚሉት የምሥራቅ ነፋስ ከየብሱ ቀናትን ሙሉ ይወርዳል።

ባለፉት ምዕራፎች በአንድ ዘንግ፣ ከዳር ቆሞ ስለማጥመድ ተነጋግረናል። አሁን ወደ ጀልባ እንወጣለን፤ ዘንጎቹም ይበዛሉ። ጀልባውን በዝግታ እያስኬዱ፣ አራት ወይም ስድስት ወይም ስምንት ክር በተለያየ ጥልቀት እየጎተቱ ማጥመድ የብዙዎችን ዓይን የሚስብ ዘዴ ነው። አንድ ወጣት ወደ እኔ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ «ጋሼ፣ ስንት ሐካ ልግዛ?» የሚል ነው፤ ሐካ የሚለው ዘንጉን ነው። ጥያቄው ከመጨረሻው ይጀምራል። ነፋስ ባለበት ውሃ ላይ ብዙ ዘንግ መያዝ የሚቻለው ጀልባውን በአንድ ፍጥነትና በአንድ አቅጣጫ ማቆየት ለሚችል ሰው ብቻ ነው። የዘንጉን ቁጥር የሚወስነው ገንዘብም ጉጉትም አይደለም፤ ነፋሱና የጀልባው አያያዝ ናቸው። ይህ ምዕራፍ በሙሉ የዚህ አንድ ነገር ማብራሪያ ነው።

ዘዴውን እስከ ጥግ ያደረሱት አሜሪካውያን ናቸው። ያደረሱትም ለባሕር ዓሣ ሳይሆን ክራፒ ለሚባል ትንሽ የሐይቅ ዓሣ ነው። ክራፒ የትውልድ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ ነጭና ጥቁር የሚባሉ ሁለት ዝርያዎች አሉት። በጎኑ ጠፍጠፍ ያለ፣ ብርማ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1957 በሚሲሲፒ ግዛት ኢኒድ ሐይቅ የተያዘው ትልቁ ነጭ ክራፒ እንኳ 2.35 ኪሎ ገደማ ነበር። ሥጋው ነጭና ለስላሳ ስለሆነ በጣም ይፈለጋል። ክንፍም ቅርፊትም ስላለው በኦሪት ሕግ የሚመገብ ሰው ያለ ጥያቄ የሚበላው ነው። በሐዴራ ባሕር ግን አይገኝም፤ የጨው ውሃ ዓሣ አይደለም። ታዲያ ለምን ስለ እርሱ እናወራለን? ጠባዩ ብዙ ዘንግ ለምን እንደሚያስፈልግ ከየትኛውም ዓሣ የበለጠ ስለሚያስተምር ነው።

ክራፒ ከታች አፈር ላይ አይተኛም፤ ከላይም አይንሳፈፍም። በመካከል ተንጠልጥሎ በቡድን ይቆማል። ዛሬ ሦስት ሜትር ላይ ነው፤ ነገ ስድስት፤ ውሃው ሲሞቅ ወይም ሰማዩ ሲደምን እንደገና ይለወጣል። ዓይኑ ከራሱ በላይ ያለውን ለማየት የተመቸ ነው፤ ስለዚህ ከበላዩ የሚያልፈውን ትንሽ ዓሣ ተነሥቶ ይጎርሳል፣ ከበታቹ ያለፈውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ ያለ ማባበያ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሊመለስ ይችላል። አንድ ዘንግ የያዘ ሰው ጥልቀቱን በየተራ ሲሞክር ቀኑ ያልቅበታል። ስምንት ዘንግ የያዘ ሰው ግን ስምንቱን ጥልቀት በአንድ ጊዜ ይሞክራል። አራት ሜትር ላይ ያለው ዘንግ ደጋግሞ ዓሣ ካመጣና ሌሎቹ ዝም ካሉ፣ መልሱ ተገኝቷል፤ ቀሪዎቹንም ወደ አራት ሜትር ማምጣት ነው። በብዙ ዘንግ ማጥመድ ዋና ጥቅሙ ብዙ መንጠቆ ማስገባቱ አይደለም፤ ፍለጋውን ማሳጠሩ ነው።

ሁለት ዓይነት አደራደር አለ። በመጀመሪያው አጥማጁ በጀልባው አፍንጫ ላይ ይቀመጣል። ከአራት ሜትር በላይ የሚረዝሙ ቀጫጭን ዘንጎች ከፊቱ በግማሽ ክብ ተዘርግተው ይደገፋሉ፤ ክሮቹም ከጫፋቸው ቀጥ ብለው ወደ ታች ይወርዳሉ። ከሩቅ ሲታይ ጀልባው እግሩን የዘረጋ ሸረሪት ስለሚመስል አሜሪካውያን ስሙን ከሸረሪት ወስደውለታል። ፍጥነቱ በሰዓት ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሽማግሌ ጥሎት ያልፋል። በሁለተኛው አደራደር ዘንጎቹ ከጀልባው ጭራና ከጎኖቹ ይሰቀላሉ። ክሩ ሃያ፣ ሠላሳ ሜትር ወደ ኋላ ተለቆ ቀላል ማባበያ ይጎተታል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ1.5 እስከ 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ሰው ስንት ዘንግ እንደሚፈቀድ በአሜሪካ ከግዛት ግዛት፣ አንዳንዴም ከሐይቅ ሐይቅ ይለያያል። ማንም ሰው ወደ አዲስ ውሃ ሲሄድ የዚያን ውሃ ሕግ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

አሁን ነፋሱን እናምጣ። ጀማሪው ነፋስን እንደ ጠላት ብቻ ያየዋል፤ ልምድ ያለው ግን ነፋስ የሌለበትን ብሩህ ቀን አብዝቶ አይወድም። ውሃው መስታወት ሲሆን ብርሃን ጠልቆ ይገባል፤ ዓሣው የጀልባውን ጥላ ያያል፤ ክሩንም ያያል። ትንሽ ሞገድ ብርሃኑን ይሰባብረዋል። ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። ነፋስ የላይኛውን ውሃ እየገፋ በዓይን የማይታዩ ትናንሽ ሕያዋንን ወደ አንድ ዳርቻ ያከማቻል፤ እነርሱን የሚበላ ትንሽ ዓሣ ይከተላል፤ ትልቁም ትንሹን ይከተላል። ለጥቂት ሰዓታት ነፋስ የመታው ዳርቻ ከተከለለው ዳርቻ ይልቅ ሕይወት የሚበዛበት ለዚህ ነው።

የዚህ ነገር ግሩም ምሳሌ ከሐዴራ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ርቆ ይገኛል። ኪኔሬት፣ በመጽሐፍ ቅዱስ የገሊላ ባሕር የምንለው፣ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር አካባቢ የተኛ ሐይቅ ነው። በበጋ የሜዲትራንያኑ ነፋስ ኮረብታዎቹን ተሻግሮ ከቀትር በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፤ ጠዋት መስታወት የነበረው ውሃ በአጭር ጊዜ ይናወጣል። ወንጌል የሚተርከው፣ ሐዋርያቱ በጀልባ ሳሉ የደረሰባቸው ማዕበል የተነሣው በዚሁ ውሃ ላይ ነው። ግን ከላይ የሚታየው ሞገድ የታሪኩ ግማሽ ነው። በበጋ የኪኔሬት ውሃ በሁለት ይከፈላል፤ ሞቃቱ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይሆናል፤ በታችኛው ክፍል ኦክስጅን አልቆ ዓሣ መኖር አይችልም። ነፋሱ ሞቃቱን ውሃ ወደ ምሥራቅ ሲገፋ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ይዘነብላል፤ ነፋሱ ሲቆም መልሶ ይወዛወዛል። ነፋሱ በየቀኑ በሰዓቱ ስለሚመጣ ይህ የውስጥ ሞገድ በሃያ አራት ሰዓት አንድ ጊዜ ሐይቁን ይዞራል፤ ድንበሩም በሜትሮች ይወጣል፣ ይወርዳል። ከላይ የቆመ ሰው ምንም አያይም፤ ከድንበሩ በላይ ያለው ዓሣ ግን ከድንበሩ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ትናንት ስምንት ሜትር ላይ የነበረ ዓሣ ዛሬ በዚያ ጥልቀት ላይገኝ ይችላል፤ ጠዋት የተገኘበት ጥልቀት ለማታ አይሠራ ይሆናል። ስለዚህ ነፋስ በሚነፍስበት ውሃ ላይ የተለያየ ጥልቀት የሚጠይቁ ብዙ ዘንጎች የበለጠ ያስፈልጋሉ። ችግሩ ነፋሱ ዘንጎቹን አስፈላጊ የሚያደርጋቸውን ያህል ለመያዝም አስቸጋሪ ማድረጉ ነው።

አስቸጋሪነቱ ከየት ይመጣል? የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ነፋስ በቀላሉ የተያዘ ጀልባ በ20 ኪሎ ሜትር ነፋስ አራት እጥፍ ይገፋል። ጀልባው ሲፈጥን ማባበያው ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲዘገይ ይሰምጣል። አሥር ሜትር ክር ቀጥ ብሎ ከተንጠለጠለ እርሳሱ አሥር ሜትር ላይ ነው። ክሩ 45 ዲግሪ ወደ ኋላ ካዘነበለ ጥልቀቱ ሰባት ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 60 ዲግሪ ካዘነበለ አምስት ሜትር ብቻ። አጥማጁ «አሥር ሜትር ላይ አወረድኩ» ብሎ ያምናል፤ ማባበያው ግን ነፋሱ በተለዋወጠ ቁጥር ከስድስት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ አምስት ይዘላል። ዓሣ ቢነክስ እንኳ በየትኛው ጥልቀት እንደነከሰ አይታወቅም፤ ያ ደግሞ ብዙ ዘንግ የመያዝን ዋና ጥቅም ያጠፋዋል። ለዚህ ነው በነፋስ ቀን መጀመሪያ የሚደረገው እርሳሱን ማክበድ የሆነው። ከባድ እርሳስ ክሩን ወደ ቀጥታው ይመልሰዋል፤ ጀልባው ትንሽ ቢፈጥንም ቢዘገይም ጥልቀቱ ብዙ አይለወጥም። እርሳሱ በሁሉም ዘንግ ላይ እኩል መሆን አለበት። ነፋስ በሌለበት ቀን አንዱ ቀላል፣ ሌላው ከባድ ቢሆን ችግር የለውም፤ በነፋስ ቀን ግን ቀላሉ ወደ ኋላ ይበርና ከጎረቤቱ ጋር ይጠላለፋል።

የሞተሩ ቦታም ከሚገመተው በላይ ይወስናል። አህያን ከፊት በገመድ የሚስብና ከኋላ በዱላ የሚነዳ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ከፊት የተሳበችው መንገዷን ትከተላለች፣ ከኋላ የተነዳችው ወደ ግራና ቀኝ ትላለች። ጀልባም እንዲሁ ነው። በአፍንጫው ላይ የተሰቀለ ጸጥ ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር ጀልባውን ወደ ነፋሱ ሲስበው ጭራው ራሱ ተከትሎ ይስተካከላል። በጭራው ያለ ሞተር ግን ሲገፋ፣ ቀላሉን አፍንጫ ነፋሱ ይይዘውና ያዞረዋል፤ አጥማጁ ሲያርም ከልክ ያልፋል፤ ጀልባው እየተጣመመ ይሄዳል፤ ክሮቹም አብረው ይጣመማሉ። የጭራ ሞተር ብቻ ያለው ሰው በነፋስ ቀን ክብደቱን ወደ ፊት ያምጣ። ባትሪውን፣ የውሃ ጀሪካኑን፣ የዓሣ ሣጥኑን ወደ አፍንጫው ማዛወር ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

አቅጣጫ እንዴት ይመረጥ? ወደ ነፋስ መሄድ ፍጥነቱን ለመቆጣጠር ከሁሉ ይሻላል፤ ነፋሱ ራሱ ፍሬን ይሆናል። ዋጋው የባትሪ ኃይል ነው፤ የጀልባውም አፍንጫ ሞገዱን እየመታ ይነሣል፣ ይወድቃል። ከነፋስ ጋር መሄድ ጸጥታ አለው፤ ጀልባው ከሞገዱ ጋር ስለሚሄድ ዘንጎቹ አይዘሉም፤ ፍጥነቱ ግን ከተፈለገው ያልፋል። ለዚህ መድኃኒቱ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ጠባብ የሆነ የሸራ ከረጢት ነው። በገመድ ከጭራው ታስሮ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃ ሞልቶት ጀልባውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሁለት ከረጢት ከጭራው ግራና ቀኝ ቢታሰር ደግሞ ጀልባው እንዳይዞር ያደርጋል። አንዳንድ የሚሲሲፒ አጥማጆች በከረጢት ፋንታ ከባድ ሰንሰለት ከጭራው ወደ ወለሉ ይለቃሉ፤ የሚሠራው ግን ወለሉ ንጹሕ በሆነበት ብቻ ነው። ድንጋይና ጉቶ ባለበት ቦታ ሰንሰለት መጎተት አደጋ ነው።

በጣም የሚያታልለው ነፋሱን በጎን አድርጎ መሄድ ነው። ጀልባው ወደ ፊት እየሄደ በዚያው ጊዜ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ውሃ ውስጥ ያለው ክር ግን እንደ ጀልባው አይገፋም። ውጤቱ ጀማሪው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። ነፋሱ በሚመታው ጎን ያሉት ክሮች ከጀልባው ይርቃሉ፤ በተከለለው ጎን ያሉት ግን ጀልባው በላያቸው ላይ ይመጣባቸውና ከሆዱ ሥር ይገባሉ። ሞተሩ ላይ የተጠመጠመ ክር የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ጎን ነው። ስለዚህ ነፋስ በጎን ሲመጣና አቅጣጫ መለወጥ ሳይቻል ሲቀር መጀመሪያ የሚነሡት ዘንጎች በተከለለው በኩል ያሉት ናቸው።

ከነፋሱ ጋር ሞገድ ይመጣል፤ የሞገዱም ዓይነት ከውሃ ውሃ ይለያያል። ከጎንደርና ከጎጃም ወገን የመጡ ብዙ የሐዴራ ነዋሪዎች የሚያውቁት ጣና ሰፊ ነው፤ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ጥልቅ ግን አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበትም 14 ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ ሳያልፍ ሌላው ይመጣል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የሚቀመጡት የወይጦ አጥማጆች ለዚህ ውሃ የሚመጥን ጥበብ አላቸው። ታንኳው ውሃ ሲገባበት አይሰምጥም፤ ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋል፤ ሞገዱም ከጠንካራ እንጨት ጋር እንደሚጋጨው አይጋጨውም። እኔ ይህን ዕውቀት ከማንኛውም የሞተር ጀልባ መመሪያ አሳንሼ አላየውም። ውሃ ላይ ያደገ ሰው ከሩቅ የሚመጣውን የነፋስ መስመር በውሃው ቀለም ያያል፤ የጠቆረውን ክፍል አይቶ ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ያሰላል። ልጆቻችንን ስለ ዘንግና ስለ ሞተር ከማስተማራችን በፊት ይህን ማየት ብናስተምራቸው ይጠቅማቸዋል። የሜዲትራንያን ሞገድ ረጅም ነው፤ ከሩቅ ተጉዞ ስለሚመጣ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ሊኖር ይችላል። ጀልባውን በዝግታ ያነሣል፣ በዝግታ ያወርዳል፤ ለዘንጎቹ ከአጭሩ ሞገድ ይሻላል፣ ወደ ዳር ሲደርስ ግን ይሰበራልና ጀልባ ማውጣትና ማስገባት ላይ ያስቸግራል።

ጀልባው ግማሽ ሜትር ሲነሣ ማባበያውም ግማሽ ሜትር ይነሣል። ትንሽ ዓሣ እንዲህ አይዘልም፤ ክራፒም ያውቃል። ረጅምና ተጣጣፊ ዘንግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ጫፉ ታጥፎ እየተመለሰ የጀልባውን መዝለል ይውጠዋል፣ ማባበያው በቦታው ይቆያል። ጠንካራ አጭር ዘንግ እያንዳንዱን ሞገድ እስከ መንጠቆው ድረስ ያስተላልፋል። የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ በአየር ላይ ያለው ክር ሲያጥር ነፋሱ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል።

አሁን ወደ መማሩ እንምጣ። የመጀመሪያው ልምምድ ያለ ዘንግ ነው። ቀላል ነፋስ ባለበት ጠዋት፣ ጀልባውን በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በሚሆን ፍጥነት ለአሥር ደቂቃ በቀጥታ መስመር ማስኬድ። ፍጥነቱን የስልክ ጂፒኤስ ያሳያል። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ነፋሱ በየደቂቃው ይለዋወጣል፤ እጅ ገና ከነፋሱ ኋላ ነው። ከጊዜ በኋላ አጥማጁ ነፋሱን በጉንጩ ላይ ሲሰማው ሞተሩን ይነካል፤ ጀልባው ሳይዞር ያርመዋል። ይህ ሲመጣ ሁለት ዘንግ፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ፣ እኩል እርሳስ፣ እኩል ክር። ሁለቱ ሳይነካኩ ቀኑ ካለፈ ሦስተኛና አራተኛ ይጨመራል። ነፋሱ በጨመረ ቀን ከአራት ወደ ሁለት መመለስ ውርደት አይደለም፤ ትክክለኛው ሥራ ነው። በንጹሕ የተያዙ ሁለት ዘንጎች ተጠላልፈው ከሚውሉ ስምንት ዘንጎች የበለጠ ሰዓት ውሃ ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ዓሣ ደግሞ የሚይዘው ውሃ ውስጥ ያለ መንጠቆ ነው።

ክሮቹን ወደ ኋላ በሚለቁበት አደራደር ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በመካከል ያሉት ዘንጎች አጭር ክርና ጥልቅ ማባበያ ይይዛሉ፤ በዳር ያሉት ረጅም ክርና ከፍ ያለ ማባበያ ይይዛሉ። እንዲህ ሲሆን በዳር የተያዘ ዓሣ ሲሳብ ከመካከሎቹ በላይ ያልፋል። ጀልባው ሲዞርም ክሮቹ በከፍታ ስለተለያዩ አይገናኙም። መዞሪያው ሰፊ መሆን አለበት፤ በነፋስ ቀን ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ሰፊ። መዞር ከጥንቃቄ በላይ ትምህርትም አለው። ጀልባው ወደ ቀኝ ሲዞር በቀኝ ያሉት ማባበያዎች ይዘገያሉ፣ ይሰምጣሉም፤ በግራ ያሉት ይፈጥናሉ፣ ይነሣሉም። ዓሣው በመዞሪያው ላይ በቀኝ ከነከሰ ዝግታን ወይም ጥልቀትን እየፈለገ ነው፤ በግራ ከነከሰ ፍጥነትን ወይም ከፍታን። ይህን የሚያስተውል ሰው ከመዞሪያው ሲወጣ ቀጥሎ ምን እንደሚለውጥ ያውቃል።

ዓሣ ሲያዝ የጀማሪው እጅ ወደ ሞተሩ ይሄዳል፤ ጀልባውን ማቆም ይፈልጋል። ማቆም የለበትም። ጀልባው በቆመ ጊዜ ቀሪዎቹ ማባበያዎች ሁሉ ይሰምጣሉ፤ ነፋሱም ጀልባውን በላያቸው ላይ ይገፋዋል። ፍጥነቱን ሳይለውጥ፣ አቅጣጫውን ሳይለቅ፣ ዓሣውን በዝግታ ያምጣው። ክራፒ ላይ ይህ ሌላም ምክንያት አለው፤ የአፉ ቆዳ ስስ ነው፣ በኃይል ከተሳበ ይቀደዳል፣ ዓሣውም ይሄዳል። ተጣጣፊው ዘንግ ታጥፎ ሥራውን ይሠራ፤ መረቡም ከእጅ እንዳይርቅ።

ሐዴራ ላይ ያለን ዓሣ ሌላ ቢሆንም ሥርዓቱ ይሄው ነው፤ የሚለወጠው ፍጥነቱ ነው። ፓላሚዳ ፈጣን ዓሣ ስለሆነ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይጎተትለታል፤ እዚያ ላይ ከአራት ዘንግ በላይ ለትንሽ ጀልባ ብዙ ነው። ሎከስና ኢንቲያስ የሚባሉት ዓሦች ግን በሕያው ዓሣ ቀስ ተብለው ይጠመዳሉ። ከክራፒ የተማርነው ሁሉ፣ እኩል እርሳስ፣ ወደ ነፋስ መሄድ፣ የሸራው ከረጢት፣ እዚያ ያገለግላል። በክረምት ከኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ጣቢያ የሚወጣው ሞቃት ውሃ ዓሣን ይሰበስባል፤ ትላልቅ ሻርኮችም ከኅዳር እስከ ግንቦት ገደማ ወደዚያ ይመጣሉ። ሻርኮቹ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በሐዴራ ዳርቻ አንድ ሰው በሻርክ ሕይወቱን አጥቷል። በዚያ ወቅት፣ በዚያ ቦታ፣ ብዙ መንጠቆ መጎተት ሻርክን መያዝ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ለሰውም ለእንስሳውም አይበጅም። ከሞቃቱ ውሃ መውጫ ራቅ ብሎ ማጥመድ ይሻላል።

በዚህ ዳርቻ ከሁሉ የሚያስፈራው ነፋስ ግን ከምዕራብ የሚመጣው አይደለም። ምዕራቡ ነፋስ ይጮኻል፣ ሞገዱን ያሳያል፣ ጀልባም ቢያመልጥ ወደ የብስ ይገፋዋል። የምሥራቁ ነፋስ ከየብሱ ሲነፍስ ዳርቻው ላይ ውሃው ለጥ ያለ ነው፤ ሞገድ ለመፍጠር ገና ርቀት አላገኘም። በዳር የቆመ ሰው «ዛሬ ባሕሩ ጥሩ ነው» ይላል። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ግን ሞገዱ ያድጋል፤ ባትሪው በደከመ ጊዜም የሚገፋው ወደ ጥልቁ ባሕር ነው። በክረምት ጠዋት በኤሌክትሪክ ጣቢያው 300 ሜትር ጭስ ማውጫ ላይ ጭስ ከታየና ወደ ባሕሩ ከተኛ በትንሽ ጀልባ አለመውጣት ነው። ልጆቼ ቢጠይቁኝም መልሴ ይሄው ነው።

ለቀሪዎቹ ቀናት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ያዘጋጀው የነፋስ መለኪያ እስከ ዛሬ ይጠቅማል፤ መሣሪያ አይጠይቅም፣ ዓይን ብቻ። ሐዴራን እ.ኤ.አ. በ1891 የመሠረቱት ሰዎች ረግረጉን ለማድረቅ የተከሏቸው ባሕር ዛፎች ዛሬም በከተማዋ አሉ፤ ምኒልክ በአዲስ አበባ ያስተከሉት ዛፍ ዘመዶች ናቸው። ቅጠልና ቀጫጭን ቅርንጫፋቸው ያለማቋረጥ ሲወዛወዝ ነፋሱ በሰዓት ከ12 እስከ 19 ኪሎ ሜትር ነው፤ በውሃ ላይ አልፎ አልፎ ነጭ አረፋ ይታያል፤ ሁለትና ሦስት ዘንግ ይቻላል። አቧራና ወረቀት ሲነሣ፣ ትናንሽ ቅርንጫፎች ሲንቀሳቀሱ ከ20 እስከ 28 ነው፤ አረፋው በየቦታው ይበዛል። ያን ጊዜ ትንሽ ጀልባ ዳር ይቆይ። ከዛፎቹ መካከል የሚሰማው ነፋስ በክፍት ባሕር ላይ ካለው እንደሚያንስ መዘንጋት አይገባም።

ባሕር ላይ ሳሉ ነፋሱ ሲበረታ ዘንጎቹ የሚሰበሰቡበት ተራ አለው። አስቀድሞ የተከለለው ጎን፣ ከእርሱ ውስጥ ለሞተሩ የሚቀርበው ይወጣል፤ ቀጥሎ ከዚያው ጎን ዳር ያለው፤ ከዚያ ነፋሱ የሚመታው ጎን። ጀልባው ይህ ሁሉ ሲሆን አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርጎ በዝግታ ይሄዳል። የሸራው ከረጢት የሚወጣው የመጨረሻው መንጠቆ ጀልባ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከወጣ ጀልባው ይፈጥንና ቀሪዎቹን ክሮች ያጠላልፋል። መንጠቆዎቹ በቡሽ ወይም በጨርቅ ይሸፈናሉ። የሕይወት ጃኬቱ ከጠዋት ጀምሮ በሰውነት ላይ ነው፤ አሁን የሚፈለግ ነገር አይደለም። ቤት ላለ ሰው «ተመልሻለሁ» ተብሎ የሚደወለው ጀልባው ከውሃ ወጥቶ ተጎታቹ ላይ ከታሰረ በኋላ ነው።